ከቅጹ በፊት ሕልሙ

ሰኔ 25፣ 2017

ዝናቡ ከጠዋት ስለጀመረ ዛሬ ሰው ይቀንሳል ብዬ ነበር። የት ተቀንሶ! ሓወልቲ ያለው ቢሯችን ደርሼ ደረጃውን ስወጣ አግዳሚ ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ጃንጥላ የሌለው ፌስታል ራሱ ላይ ጥሎ፣ ነጠላዋ የራሰባት ጨምቃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሁሉም ዝም ብሎ በሩን ያያል። ቁልፉን ሳወጣ አንድ ላይ ተነሡልኝ። እኔ ሹም ነኝ እንዴ! ይኼን ያህል ጊዜ ሠርቼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አክሱማዊት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ያዘችኝ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው፤ የጠፉ ሰዎችን በሚያፈላልገው ጉባኤ እኔ ተቀባይ፣ እሷ መዝጋቢ። በዚህ ከተማ የሚወራ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ጆሮ ላይ ነው።

"ጉባኤያችን ሊፈርስ ነው።"

"ሲቋቋምም ሊፈርስ ነው ሲባል ነበር።"

"ናይ ሎሚስ ሓቂ እዩ፤ የዛሬው የእውነት ነው" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስሚ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ጉባኤው ከፈረሰ መዝገቡም ይዘጋል። ኣንዶምን አስመዝግቢው። አንቺ ምንም አትጻፊ፣ እኔ እጽፍልሻለሁ።"

"ባሌ አልጠፋም። እናቱን ሊያመጣ ሄዶ ነው የዘገየው።"

እናቱ በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ በሌላ መንገድ ተሻግረው በሰላም ገብተው፣ እኔው ቤት ከርመው፣ እኔው ቤት ታመው ማረፋቸውን አክሱማዊት ታውቃለች። ለቅሶው ላይ እንግዳ ስትቀበልልኝ የነበረች እሷ ናት። ስልኳን ማየት ጀመረች።

ሰኔ 28

ጉም። ከመስኮቱ ሆኜ የሰማዕታቱን ሐውልት ፈለግኩት፣ የለም። ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ፣ ከሥሩ ምንም እንደሌለው ሁሉ አየር ላይ ቀርቷል። ሰዉ ከጉሙ ውስጥ እየወጣ ወደኛ ይመጣል።

ሕልም ስሰማ አረፈድኩ። ይኼን ሥራችንን ለሰው ብናገር የሚያምነኝ የለም። መንግሥት ሰባት ሰው ሾሞ "የጠፉ ሰዎች አፈላላጊ ጉባኤ" ብሎ ሲያቋቁመን፣ ቅጹ ብዙ ጥያቄ ነበረው፤ ሰዎቹ ደግሞ ከወንበሩ ላይ ይቀመጡና አንደበታቸው ይታሰራል። መቼ ጠፋ፣ ዝም። የት ታየ፣ ዝም። ሰብሳቢያችን አቶ ገብረመስቀል ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አንድ ቀን ከኋላ ቆመው ሲያዩን ቆዩና "ተዉት ቅጹን፤ ሌሊት ምን እንዳዩ ጠይቋቸው" አሉን። ጠየቅን። የማይናገር ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከቅጹ በፊት ሕልሙ ነው። ሰሚው "ጽቡቕ ይግበሮ" ሳይል፣ በጎ ያድርገው ሳይል ማለቴ ነው፣ ማንም አፉን አይከፍትም። እናታቸው ቤት እንደለመዱት።

አቶ ገብረመስቀል አንድ ነገር ብቻ ከልክለውናል። መስማት እንጂ መፍታት የለም።

ዛሬ ትእዛዛቸውን አፈረስኩት። ምን ነካኝ?

አደይ ኣልጋነሽ ናቸው። ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ ልጃቸው ሰላማዊ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። አንዱ ጓደኛው መጥቶ "አትጠብቁት" ብሎ ነግሯቸዋል፤ ቤተሰቡ አምኗል፣ እሳቸው አላመኑም። ዛሬ ሕልማቸውን ነገሩኝ። ልጁ በልብሱ እንዳለ ውሃ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆሞ "አደይ፣ ደረቅ ልብስ" ይላቸዋል። ሳጥኑን ሊከፍቱ ቁልፉን ይፈልጋሉ። ቁልፉ መቀነታቸው ላይ ነው፤ መቀነታቸውን ግን ቢፈቱት ቢፈቱት አያልቅም። እሱ ቆሞ ይጠብቃል። "ምን ማለት ይመስልሻል ጓለይ፣ ልጄ?" አሉና እጄን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ሆኗል።

"ይመጣል ማለት ነው፣ አደይ። ልብሱን ያዘጋጁለት።"

በቃ፣ ወጣ። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ እንደነበር ሁሉ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ብርሃን ግን አይቼ "እሰይ" አልኩ። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋለ።

እኔ ሕልም አላይም። ልጅ ሆኜ ደሴ ሳለሁም እናቴ "ይቺ ልጅ ስትተኛ ድንጋይ ናት" ትለኝ ነበር።

ሐምሌ 2

አዲሱ በጀት ዓመት ገባ። ጉባኤ መሆናችን ቀርቶ "ጽሕፈት ቤት" ሆነናል። ከሰባቱ ተሿሚዎች አንዱ ካናዳ ከሄደ ቆይቷል፣ ሁለቱ ታመዋል፣ አንዱ ሌላ ቦታ ተሹሟል። ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ ካየሁ ዘመን አልፏል፤ የሞላ ቀን ደግሞ መብራት ይጠፋል። አዲስ ማኅተም መጣ። የድሮውን አክሱማዊት ጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አዲሷ ኃላፊ ወይዘሮ ምንትዋብ ይባላሉ። ወጣት ናቸው፣ ልባም ይመስላሉ። የተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አብረው አምጥተዋል። አቶ ገብረመስቀል ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷቸዋል፣ "አማካሪ" ተብለው። ማሽኑን አገላብጠው ሲያዩት ዋሉ።

ሐምሌ 9

ጉድ ፈላ።

የአደይ ኣልጋነሽ ወንድም ጠዋት መጥቶ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ፣ በሩም ሳይዘጋ ይጮህ ጀመር። የልጇ ተዝካር ተደግሶ፣ ዘመድ ከገጠር ተጠርቶ፣ ካህናቱ ተነግሯቸው እህቱ እምቢ ብላለች። "ጉባኤው ልጅሽ ይመጣል ብሎኛል ትላለች! የልጁን ልብስ አውጥታ አጥባ ግቢው ላይ ሰቅላለች! ዘመዱ ከገመዱ ሥር ጎንበስ እያለ ነው የሚገባው! እህቴ ምስኪን ናት፣ መንግሥት አለ ካለ አለ ነው የምትለው!"

ወይዘሮ ምንትዋብ ወደኛ ወጥተው "እንዲህ ያላቸው ማነው?" አሉ። ድምፃቸውን አልጨመሩም።

አፌን ልከፍት ነበር። እውነቴን ነው፣ ልከፍት ነበር። አክሱማዊት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ያቺን ትንሽ ጊዜ ሳመነታ አቶ ገብረመስቀል ከጥጋቸው ተነሡ። "ሕልም ጠይቁ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ።

ሰውዬው ሽማግሌ ሲያይ ተረጋጋ። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። አቶ ገብረመስቀልም ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ፣ ከሰዓት አልተመለሱም።

አንቺ እታፈራሁ፣ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም?

ሐምሌ 11

ሕልም መቀበል ተከለከለ። አግዳሚው ወደ ኮሪደር ወጣ።

ወይዘሮ ምንትዋብን ልጠላቸው ፈለግኩና አልሆነልኝም። ብቻዬን ጠርተው ሻይ አስመጡልኝ። "እታፈራሁ፣ እዚህ ቁጭ ብለን የምንላቸው ቃል ሁሉ ማኅተም ያለበት ነው የሚመስላቸው" አሉኝ። ማን እንዳለው ያወቁ ይመስለኛል። ዓይኔን ሰበርኩ። እውነታቸውን ነዋ! እሳቸው ወንበር ላይ ብሆን እኔም እከለክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ጭር ብሏል። ማሽኑ "ጢጥ" ይላል፣ ሰው ይቀመጣል፣ እጠይቃለሁ፣ አይመልስም። አንዲት እናት ብቻ ስትነሣ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "ትናንት ሌሊት ሲስቅ አየሁት" ብላኝ ሄደች። እንደ ሰረቀ ሰው ፈጥና ነው የወጣችው።

ሐምሌ 20

ዝናብ። ልጄ ናፍቆት የበሩን ጀርባ ስትጠርግ ቆይታ "ማማ፣ የባባን ጃኬት ላጥበው? እርጥበት ገብቶታል" አለችኝ።

"አይታጠብም። ይተው እዚያው።"

"ይሸታል እኮ።"

"ናፍቆት!"

ተወችው። እራት ላይ አላወራችኝም። ጃኬቱ ቡናማ ነው፣ ክርኑ የተላጠ። እሷ ደግሞ አባቷን ነው የምትመስለው፤ ስትናደድ ልብስ ታጥፋለች እንጂ አትናገርም። ያኔ ገና ልጅ ነበረች፣ ብዙ ነገር አታውቅም። ባታውቅ ነው የሚሻላት።

ሐምሌ 30

ቸኩያለሁ። አቶ ገብረመስቀል መልቀቂያ አስገብተዋል አሉ። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባል። ነገ።

ነሐሴ 5

ፈረስን። በቃ።

ወይዘሮ ምንትዋብ ሰብስበው ነገሩን። ጽሕፈት ቤቱ ተሰርዞ ሥራው ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ይጠቃለላል፣ አንድ "ቡድን" ይሆናል። የተመዘገቡት ሰዎች ጉዳይ ይተላለፋል፣ ፍለጋው ይቀጥላል ተብሏል። ምዝገባ ግን ጳጉሜን አምስት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ፍርድ ቤት ሄዶ ሰውዬው ጠፍቶ እንደቀረ ያስወስናል። ማለት፣ ማንም አይፈልግለትም። ሕጉ ያውጅለታል እንጂ።

ጉባኤ፣ ጽሕፈት ቤት፣ ቡድን። ጠረጴዛው ያው አንድ ጠረጴዛ ነው፣ አንዱ እግሩ አጭር ሆኖ ካርቶን የተደረገለት።

ስንወጣ ከኮሪደሩ ማዶ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። "ያቺ ተቀባይዋ የራሷን ባል አላስመዘገበችም አሉ።" ሌላው "ታዲያ የኛን እንዴት አምና ትይዛለች?" አለ። ቆሜ ሰማኋቸው። ፊቴ ጋለ። ሄጄ ምን ልበላቸው? እናንተ የጠፋ ሰው ነው ያላችሁ፣ የኔ የዘገየ ነው ልበላቸው?

አክሱማዊት ዛሬ አልጨቀጨቀችኝም። አንድ ባዶ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ነሐሴ 11

ይኼ ሕልም አይደለም። ሕልም ተኝተው የሚያዩት ነው፤ እኔ ነቅቼ ነበር መሰለኝ። ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጉሙ በበሩ ሥር ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ነጭ፣ እግር የሚያሰጥም። ኣንዶም ጀርባውን ሰጥቶኝ ጓዳ ቆሟል። መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀስ ብሎ ነው የሚፈልገው፣ አይቸኩልም፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ዞር ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድምፁን ግን ቆርቆሮው ወሰደው።

"ዝናቡ ሲያባራ ጠይቀኝ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ሲል እንደሚነቀንቀው።

ተነሥቼ መብራት ሳበራ ወለሉ ደረቅ ነው። በነጠላ ጫማ ጓዳ ገብቼ መሳቢያዎቹን አየሁ። ሁሉም ዝግ ናቸው። ድካም ነው፤ ሥራው ጭንቅላቴን አዙሮት ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ የሰው ሕልም ሲሰማ ኖሮ እንዴት አይዞርበትም?

ነሐሴ 16

አሸንዳ። ሮማናት አደባባይ በልጃገረድ ተሞልቷል፤ ታክሲው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ከበሮው እስከ ቢሯችን ይሰማል። ናፍቆት ተሠርታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቄጠማውን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። አምሮባት አንጀቴን በላችው። አሥራ ስምንት ሞላት እኮ!

ከሥራ ስገባ እሷ ቀድማኝ ተመልሳለች። "ምነው?" ስላት "ሰው በዛ" አለችኝ። ከቦርሳዋ አዲስ የቀበሌ መታወቂያ አውጥታ አሳየችኝ። "አወጣሁ" አለች። በአሸንዳ ቀን መታወቂያ ማን ያያል፣ ቀልደኛ! ስሟ ናፍቆት ኣንዶም ተብሎ ተጽፏል። ሳምኳት።

ነሐሴ 21

ሳሎን ግድግዳው ላይ የነበረው የኣንዶም ፎቶ የለም። ናፍቆት መስታወቱን ልታጸዳው አውርዳው ይሆናል።

ወደ ቤት ስመለስ ፎቶ አንሺው ጃፋር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰላም አለኝ። የወሎ ልጅ ነው፣ ከሐይቅ፤ ባገኘኝ ቁጥር አገራችንን ያወራኛል። "እታለም፣ ልጅሽ መጥታ ነበር" አለኝ። "የአባቷን ጉርድ አውጥቼላታለሁ። አብሽሪ፣ አሳምሬ ነው ያወጣሁት።"

አመሰገንኩት። ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የወላጅ ፎቶ ይፈልጉ ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ 25

ዛሬ ሄድኩ።

አደይ ኣልጋነሽ ግቢ ገመዱ ባዶ ነው፤ ዝናብ ስለመጣ ልብሱን አስገብተውታል። ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ ካልሲው ሁሉ አልጋው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ደርቆ። ሳይቀመጡ "ተቀመጪ" አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

"አደይ፣ ይመጣል ያልኩዎት እኔ ነኝ። መንግሥት አላለም። ጉባኤውም አላለም። ሕልም እንድፈታ ማንም አላዘዘኝም፣ ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

"ጓለይ፣ መንግሥት ሕልም እንደማይፈታ ጠፍቶኝ ነው? አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጉባኤው አለኝ አሉ?"

"ወንድሜ የሴት ቃል አይሰማማ! የጽሕፈት ቤት ቃል ስለው ደነገጠልኝ፤ አንድ ክረምት ተወኝ። አንድ ክረምት ነው የፈለግኩት። ልብሱን አጥቤ፣ ስንቱን እንባ ብቻዬን አልቅሼ።" የሸሚዙን አንገት በመዳፋቸው አስተካከሉ። "ለመስከረም ተዝካሩን አደርጋለሁ ብያቸዋለሁ። ልብሱን ለድሃ እሰጣለሁ፣ ደረቁን።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ማን ማንን ሊያጽናና ነው የመጣው! ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝና "ያን ቀን ይመጣል ስትይኝ ዓይንሽን አየሁት። ለእኔ ብቻ አልነበረም" አሉኝ። "ያንቺስ ሰው? ታዪዋለሽ?"

"እኔ ሕልም አላይም፣ አደይ።"

"እሺ" አሉ። "እሺ ጓለይ። ኣጆኺ፣ አይዞሽ።" እንደ ሕፃን ነው እሺ ያሉኝ።

ከእሳቸው ወጥቼ አቶ ገብረመስቀል ቤት ሄድኩ፣ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። "እኔ ነበርኩ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "አውቄያለሁ" አሉኝ። ሁሉም ያውቃል ለካ! ጎመን እየኮተኮቱ ነበር፤ ለእኔም አንድ እቅፍ ቆረጡልኝ።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው ይጮሃሉ፣ ትልልቁም ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ ይቆማል። ናፍቆት እጄን ጎትታ አስወጣችኝ። ሁለታችንም በስብሰን ገባን። ለረጅም ጊዜ እንዲህ አልሳቅንም ነበር።

ጸጉሯን ሳደርቅላት "ማማ፣ መዝገቡ መቼ ነው የሚዘጋው?" አለችኝ።

"የቱ መዝገብ?"

ራሷን ጎንበስ አደረገችልኝ። እኔም ፎጣውን ይዤ ማድረቁን ቀጠልኩ።

ጳጉሜን 4

ሰሌዳችን ወረደ። ሁለት ሠራተኞች በመሰላል ወጥተው ፈቱት፤ ግድግዳው ላይ ከሥሩ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀረ። መሳቢያዬን ጠረግኩ። ባዶውን ቅጽ አገኘሁት። ስም የሚለው ላይ እስክሪብቶ አስጠግቼ ነበር። "ኣ" ብዬ አቆምኩ። ቀደድኩት።

ጳጉሜን 5

ማታ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሰዉ ጎርፎ መጣ። ጉሙ ደረጃው ድረስ ገብቷል። ወይዘሮ ምንትዋብ ኮሪደሩ ዝናብ ስለሚያስገባ አግዳሚውን ራሳቸው በአንድ ጫፍ ይዘው ወደ ክፍሉ አስመለሱት። አደይ ኣልጋነሽም መጥተዋል፤ ጉዳያቸው ከተላለፈ ቆይቷል፣ "ልሰናበታችሁ ነው" ብለው ጥጉ ላይ ተቀመጡ። ሰው በሰው ሆነን ዋልን። ምሳ የበላ የለም። ማሽኑ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ አልቆበት ዝም አለ፣ አክሱማዊት "እፎይ" አለች።

ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ቀና አልኩ። አግዳሚው ላይ አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች፣ የመጨረሻዋን ቁጥር በሁለት ጣቷ ይዛ። ቡናማ ጃኬት ለብሳለች፣ እጅጌው ጣቷን ሸፍኖታል።

ናፍቆት ናት።

ተነሥታ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መታወቂያዋን አስቀመጠች። ከሱ አጠገብ ጃፋር ያወጣውን ጉርድ ፎቶ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው እጆቿን አጣምራ ጠበቀች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ። ስንቱን ጠዋት ከእኔ ጋር መጥታ እዚህ ጥናቷን ስታጠና ሰምታዋለች። ሰሚው በጎ ያድርገው ካላለ ተናጋሪው አይጀምርም።

ወይዘሮ ምንትዋብ በሩ ላይ ቆመዋል። ሕልም መቀበልን የከለከሉትም እሳቸው ናቸው። አዩን፣ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"በልያ ጓለይ" አሉ አደይ ኣልጋነሽ ከጥጉ። "በያት።"

"ጽቡቕ ይግበሮ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚመስለው።

ናፍቆት ነገረችኝ። ጉሙ ቤት ገብቷል። ባባ ጓዳ ቆሞ መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዝናብ የለም፤ ጸጥ ብሏል። ስለዚህ ሲጠይቃት ሰማችው።

"ምን አለሽ?"

"ለምን አልፈለጋችሁኝም አለኝ፣ ማማ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አክሱማዊት ወንበሯን ጎትታ መጥታ፣ ቅጽ አውጥታ፣ ዓይኗን እየጠረገች መጻፍ ጀምራለች። የጠፋው ሰው ስም። ኣንዶም። ዝምድና። አባቴ። ናፍቆት ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች፣ ስትለማመደው የኖረች ይመስል። "ሲወጣ የለበሰው ልብስ" የሚለው ላይ ግን ቆመች። የጃኬቱን ጫፍ ጨበጠች። "ይኼን?" አለች፣ ወደኔ እያየች። "ይኼንን ነበር?"

አታውቅማ! ያኔ ተኝታ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄጄ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት፣ ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወገን ሆኜ ክፍሉን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጠረጴዛው ከዚያ ሲያዩት በጣም ሩቅ ነው።

"ጃኬቱን አልለበሰም" አልኩ። "ፀሐይ ነው፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ በር ጀርባ ሰቅሎት ሄደ። ሰማያዊ ሹራብ ነው የለበሰው። አንገቱ ተተርትሮ እኔ የሰፋሁት፣ በጥቁር ክር።"

"በጥቁር ክር" አለች አክሱማዊት፣ ጻፈችው።

መስከረም 1፣ 2018

ሌሊት ሕልም አየሁ። ናፍቆት ስትነሣ ልነግራት አፌን ስከፍት "ቆይ፣ ቆይ" አለችኝ። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጸጉሯን ወደ ኋላ አደረገችና "ጽቡቕ ይግበሮ። በይ አሁን ንገሪኝ" አለች።

ነገርኳት።